እትዬ አብረኸት ሊሰበሰቡ ነው

ባለፈው ወር ለሥራ ጉዳይ ናይሮቢ ውስጥ ሳውዝ ሲ ወደሚባለው ሰፈር ሄጄ ነበር። የምፈልገው ሰው በስልክ «ጣሪያ ላይ ነኝ፣ ውጪ» ስላለኝ አራት ፎቅ በእግሬ ወጣሁ። ጣሪያው ከዳር እስከ ዳር ልብስ ተሰጥቶበታል። በሞምባሳ መንገድ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ሰላምታ ሳንጨርስ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ትኩሱ ሲሚንቶ ላይ ወደቁና ያ ሽታ ተነሣ፦ የዱቄት ሳሙና፣ ፀሐይ የጠገበ ጨርቅና የረጠበ አቧራ፣ ሁሉም ባንድ ላይ። ሰውየው ስለ ጉዳያችን ማውራት ጀምሯል፤ እኔ ግን ሳላስበው የማላውቃቸውን ሰዎች አንሶላ ከገመድ ላይ እያወረድኩ ነበር።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለኝ።

«ዝናብ መጣ እኮ።»

«የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁም አላውቅም ነበር።

ያኔ ቤታችን ከዚያው ሰፈር፣ እንደዚያው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ነበር። እናቴ ኪሊማኒ ውስጥ ባለ የሐበሻ ምግብ ቤት ወጥ ቤቱን ታስተዳድር ነበር። ጠዋት በማታቱ ሚኒባስ ትሄዳለች፣ ማታ ቁሌት ቁሌት እየሸተተች ትመለሳለች። አባቴ የሞያሌ መስመር ነጋዴ ስለሆነ ቤት ሲመጣ እንደ እንግዳ ተነሥተን ነው የምንቀበለው። እኔ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ፣ ደረጃ ላይ ስዋሂሊ እናገራለሁ። አማርኛን የምሰማው ከእናቴ አፍ ብቻ ነበር፤ እሷ ደግሞ የምታናግረው እኔን ነው። ስለዚህ አማርኛ ማለት «ነይ፣ ብዪ፣ ተኚ፣ ደህና ነሽ» ማለት መስሎኝ ነበር።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ መስቀል አሳለሙኝና «እንዴት ነሽ ልጄ?» አሉኝ። እኔም ጨዋ ልሁን ብዬ፣

«ደህና ነኝ አባ። አንቺስ ደህና ነሽ?» አልኳቸው።

ቄሱ ጺማቸውን ዳበስ ዳበስ አድርገው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አሉ። እናቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ማታቱ እስክንሳፈር ድረስ አልገለጠችውም።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ወደ ቤታችን ሳይሆን አንድ ፎቅ ዝቅ ብዬ ወደ እትዬ አብረኸት ቤት እንድገባ ታዘዝኩ። እናቴ እስክትመጣ እዚያው እውላለሁ፣ አማርኛም እማራለሁ።

እትዬ አብረኸት ኤርትራዊት ናቸው፣ ካቶሊክ። ወጣትነታቸውን የጨረሱት ግን አዲስ አበባ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ በጸሐፊነት ነው። ሥራቸው ቃለ ጉባኤ መያዝ ነበር። ሰው ሲሰበሰብ እሳቸው ጥግ ላይ ተቀምጠው ማን ምን እንዳለ ይጽፋሉ፤ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ። «በዚያ ዘመን» ይሉ ነበር፣ «ሰው ከሚበላው ይልቅ የሚሰበሰበው ይበዛ ነበር።» ባላቸው ከሞቱ በኋላ አንድ ልጃቸው ሳባ ስዊድን ገባች። እሳቸውም ወረቀታቸው እስኪያልቅ ለስድስት ወር ብለው ናይሮቢ መጡ። እኔ ሳውቃቸው ስድስቱ ወር አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር ሰጡኝ።

«ከአንድ ግስ እንጀምራለን» አሉ። «አንድ ግስ በደንብ የያዘ ሰው፣ ሌላው ራሱ ተከትሎት ይመጣል። ጻፊ፦ ሰበሰበ።»

ጻፍኩ።

«ትርጉሙን እኔ አልነግርሽም። ሰው ሲናገረው ስትሰሚ ምን ለማለት እንደሆነ አስበሽ ትጽፊያለሽ። ዓርብ ዓርብ አርማለሁ።» ቀይ እስክሪብቷቸውን አሳዩኝ። ሌላ ሰው ሽጉጥ እንደሚያሳየው ነበር ያሳዩኝ።

ብዙም ሳልቆይ ገባሁበት። ሶፋቸው ላይ ተንጋልዬ እግሬን ዘርግቼ ካርቱን ሳይ፣ ከወጥ ቤት ብቅ ብለው «እግርሽን ሰብስቢ!» አሉኝ። ሰበሰበ ማለት ተበትኖ ያለን ነገር አንድ ላይ ማድረግ እንደሆነ ያኔ ገብቶኛል። እግር ደግሞ በር ላይ ተበትኗል። ሄጄ ጫማዎቹን በሙሉ፣ የእሳቸውን የቤተ ክርስቲያን ጥቁር ጫማ፣ ሁለት ነጠላ ጫማ፣ የኔን የተማሪ ጫማ ከነጭቃው አቅፌ አመጣሁና ሶፋው ላይ ደረደርኩላቸው። እትዬ ረጅም ጊዜ አዩት።

«ይኼ ምንድነው?»

«እግር» አልኩ።

ወደ ወጥ ቤት ተመለሱ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ከኋላ አየሁ፤ የተናደዱ መስሎኝ ነበር።

ሌላ ቀን እንግዳ ሊመጣ ሲል «በይ፣ ሰብሰብ በይ» አሉኝ።

«ከማን ጋር?»

«ብቻሽን።»

«ሰው ብቻውን ይሰበሰባል?»

«ጨዋ ሰው ብቻውን ይሰበሰባል» አሉ እትዬ፣ የቀሚሴን አንገት እያስተካከሉ። «ባለጌ ግን አዳራሽ ሙሉ ሆኖም አይሰበሰብም። እኔ አይቻለሁ።»

ደብተሬ እየሞላ ሄደ። ዓርብ ዓርብ ቀይ ይሆናል። «ሀሳብሽን ሰብስቢ» ሲሉኝ ሀሳብ የት የት እንደሚወድቅ ጠይቄ ነበር። «አፍሽን ሰብስቢ» ያሉኝ ደግሞ ያንን ስጠይቅ ነው።

በየቀኑ ከሰዓት በኋላ የኔ ሥራ ጣሪያ ወጥቶ የታጠበ ልብስ ማውረድ ነበር። እወደው ነበር። ከኤርፖርት የሚነሡት አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው በላዬ ያልፋሉ፤ አንሶላዎቹ በነፋስ ተነፍተው ፊቴን በጥፊ ይመቱኛል፤ ልብሱ ከመድረቁ የተነሣ እንደ ቂጣ ይንኳኳል። ሚያዝያ ላይ ዋናው ዝናብ ሲጀምር ግን ሥራው ሩጫ ሆነ። አንድ ቀን ሰማዩ ድንገት ሲያጉረመርም እትዬ ከታች በደረጃው በኩል ጮኹ፦

«ሊያ! ዝናብ! ሁሉንም ሰብስቢ! አንድ እንዳይቀር!»

አንድ አላስቀረሁም። አራት ጊዜ ተመላለስኩ። እትዬ ወጥ ቤት ሽሮ እያማሰሉ ስለነበር አላዩኝም። ጨርሰው ሲወጡ ሳሎናቸው ውስጥ የአሥራ ሁለት ቤት ልብስ ተከምሯል። እኔ ከክምሩ ጀርባ ቆሜ ምስጋና እጠብቃለሁ።

ከዚያ በሩ ይንኳኳ ጀመር። አራተኛ ፎቅ የሚኖረው፣ ሁልጊዜ ክራቫት የሚያስረው የባንክ ሠራተኛ መጣና ቀልጠፍ ብሎ የውስጥ ሱሪዎቹን ለየ። ሲለይም ሲወጣም ጣሪያ ጣሪያ ያይ ነበር። ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ማማ ብራያን ገብታ ክምሩን ስታይ ሳቋ አላስቆም አላት፤ «ሀኪ ያ ሙንጉ!» እያለች፣ በፈጣሪ ስም እየማለች፣ ክምሩ ላይ ተቀመጠች። ግን የሁሉም ሰው ልብስ ደረቅ ነበር። በማግስቱ ማማ ብራያን አንድ ሳህን የቻፓቲ ቂጣ ይዛ መጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በር ማንኳኳት ተወች፤ ዝም ብላ ትገባለች።

እትዬ ደብተሬ ላይ በቀይ ጻፉ፦ «'ሁሉንም' ሲባል የራስን ሁሉ ማለት ነው።»

ጥቅምት ላይ ከትምህርት ቤት ስመለስ እትዬ ጥቁር ለብሰው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከቤተ ክርስቲያናቸው የሚያውቋቸው እማማ ትርሓስ የሚባሉ አሮጊት ለብዙ ጊዜ ታመው ነበር።

«እማማ ትርሓስን ጌታ ሰበሰባቸው» አሉኝ።

«የት ነበሩ?»

«አልጋቸው ላይ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሰበሰባቸው። ዐረፉ። እኔንም እንዲሁ በሰላም ይሰብስበኝ።»

ትንሽ አሰብኩና ገባኝ። ደብተሬን አውጥቼ «ጌታ ሰበሰባቸው፦ ሞቱ። ዐረፉ፦ እሱም ሞቱ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ዓርብ ዕለት እትዬ ሁለቱንም ቀይ ምልክት አደረጉባቸውና ከጎኑ «ጎበዝ» ብለው ጻፉ። ያለ እርማት ያለፈልኝ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር። ለእናቴ አሳየኋት፤ ለማማ ብራያንም አሳየኋት።

ትምህርት ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እናቴ ልትወስደኝ ስትመጣ እትዬ ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመው ነበር።

«አልማዝ፣ ወረቀቱ አለቀ» አሉ። «ሳባ የዛሬ ሁለት ሳምንት ትመጣለች። ልትሰበስበኝ ነው።»

እናቴ ዕልል አለች። ደረጃው ድረስ የሚሰማ ዕልልታ!

«እሰይ! እሰይ እትዬ! ስንት ዓመት የጠበቁት!»

«አዎ» አሉ እትዬ። «ስንት ዓመት ለመንኳት።»

«ወግ ነው! ወልዶ የሚሰበስበው ያጣ ስንት አለ!» ቀጥላ እጇን ራሴ ላይ አሳረፈች። «እኔንም አንድ ቀን ይቺ ልጄ ትሰበስበኛለች። አይደል የኔ እናት?»

እሪ ብዬ አለቀስኩ። እናቴ አቀፈችኝ።

«አይዞሽ፣ አይዞሽ» አለችኝ። «ገና ነው እኮ። ሳረጅ ነው።»

ያን ቀን እራት አልበላሁም። ሌላው ሁሉ ቢቀር፣ ሳባ ይህን የምታደርገው ለምን እንደሆነ ሊገባኝ አልቻለም። ሳባን የማውቃት በእትዬ ቴሌቪዥን አጠገብ ካለው ፎቶ ነው። በረዶ ላይ ቆማ፣ ወፍራም ካፖርት ለብሳ፣ ሳትስቅ። በፊት ቆንጆ ትመስለኝ ነበር። በማግስቱ ጠጋ ብዬ ሳያት ጥቁር ጓንት ማድረጓን አስተዋልኩ።

ከሰዓት በኋላ ከእትዬ ጋር ልብስ ስናጥፍ ቀስ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እትዬ፣ ይፈራሉ?»

«ምኑን?»

«መሰብሰቡን።»

የያዙትን የትራስ ልብስ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ትንሽ እፈራለሁ» አሉ።

«ያማል?»

«መጀመሪያ ላይ ነው አሉ። ኋላ ይለመዳል።»

«እዚያ ምን አለ?»

«ጸጥታ። ሁሉ ነገር ንጹሕ ነው ይላሉ፣ ማንም ሰው አይጮኽም። በበጋ ደግሞ ፀሐይዋ ጭራሽ አትጠልቅም።»

ይህን ሰንበት ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። በዚያ ሌሊት የለም።

«ከሄዱ በኋላ ይመለሳሉ?»

«በኔ ዕድሜ ሄዶ ማን ተመልሷል?» የትራሱን ልብስ አጠፉት፣ ፈቱት፣ እንደገና አጠፉት።

«ታዲያ እምቢ አይሏትም?»

«ልጄ እኮ ናት ሊያ። እንዴት እምቢ እላታለሁ? አልጋ ሁሉ ገዝታልኛለች።»

ምን ዓይነት አልጋ እንደሆነ አልጠየቅኩም። የእማማ ትርሓስን አልጋ ቀብራቸው ላይ አይቼዋለሁ፤ ክዳን አለው።

እናቴ ከጠላት ወገን ስለሆነች ለእሷ መንገር አይሆንም። የቀረኝ ሁሉም ሰው ምዜ እያለ የሚጠራው፣ የግቢያችን በር ላይ የሚቀመጠው ሽማግሌ ዘበኛ ምዜ ካማው ነበር። ሬዲዮውን እያዳመጠ ሳለ ሄጄ ፊቱ ቆምኩ።

«ምዜ፣ ቅዳሜ ከውጭ አንዲት ሴት ትመጣለች» አልኩት በስዋሂሊ። «እትዬን ልትገድላቸው ነው።»

ሬዲዮውን ቀነሰ።

«ማን ነገረሽ?»

«እትዬ ራሳቸው።»

«ለምን ትገድላቸዋለች?»

«ስላረጁ።»

«ምናቸው ናት?»

«ልጃቸው።»

ምዜ ካማው ራሱን ነቀነቀ። ፊቱ ላይ የብዙ ዓመት ሐዘን ወረደ።

«ሻምባ ነው» አለ። «የመሬት ጉዳይ ነው። ሁልጊዜ መሬት ነው።» ቀጥሎ ቆመና ኮፍያውን አስተካከለ። «ሂጂ ልጄ። በዚህ በር አታልፍም።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳባ በታክሲ መጣች። እኔ ደረጃው መስኮት ላይ ተንጠልጥዬ አያለሁ። ምዜ ካማው በሩን ከውስጥ ቆልፎ የእንግዳ መዝገቡን በፍርግርጉ በኩል አቀበላት። ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የመኪና ሰሌዳ፣ የመጡበት ምክንያት። ምክንያት በሚለው ላይ «እናቴ» ብላ ጻፈች።

«ይኼ ምክንያት አይደለም» አላት።

ሻንጣዋን አስከፈታት። የሱፍ ካልሲ አወጣ፣ ቸኮሌት አወጣ፤ ከካልሲዎቹ መሃል ደግሞ እጀታ ያለው፣ መሃሉ የተሰነጠቀ፣ ስለቱ የሚያብረቀርቅ ብረት አወጣ። ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ አየው።

«ይኼስ?»

«የአይብ መላጫ ነው» አለችው በእንግሊዝኛ። «ለእናቴ ስጦታ ነው።»

ምዜ ካማው ዕድሜውን ሙሉ አይብ ሲላጭ አላየም። ብረቱን ኪሱ ከተተው። ሳባ ስትጮህ፣ የታክሲው ሹፌር ጡሩንባ ሲነፋ፣ ማማ ብራያን በነጠላ ጫማ ወረደች።

«ምዜ፣ ፊቷን እይ እንጂ! ቁርጥ እናቷን አይደለችም እንዴ?»

ምዜ አየ። ለረጅም ጊዜ አየ። ቅር እያለው ከፈተላት፤ ብረቱን ግን አልመለሰም።

እትዬና ሳባ በር ላይ ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ስድስት ዓመት አልተያዩም ነበር። እኔ ግን በልቤ፣ ብልጥ ናት፣ አልኩ። ምሳው ሲቀርብ ሶፋው ላይ በመሃላቸው ተቀመጥኩና አልነሣም አልኩ። እናቴ ከኪሊማኒ ጥብስና ሽሮ ይዛ መጥታለች። ሳባ ቀጭን፣ ዓይኗ እንቅልፍ ያጣ ሴት ነበረች። ቸኮሌት ሰጠችኝ። መርዝ ሊኖረው ስለሚችል አልበላሁም፤ ለማጣራት ያህል ሁለት ብቻ ቀመስኩ።

እጃችንን ከታጠብን በኋላ ሳባ ከቦርሳዋ ወረቀቶች አወጣች።

«እማ፣ ቲኬቱ ለሚቀጥለው ዓርብ ነው» አለች። «ሰኞ ማክሰኞ ዕቃውን እንሰበስባለን። ከዚያ አንቺን ሰብስቤ ይዤሽ እሄዳለሁ። በቃ፣ ታርፊያለሽ።»

እትዬ «እሺ» አሉ። ድምፃቸው ደብተር ላይ እንደሚጻፍ ፊደል ቀጭን ነበር።

ብድግ አልኩ።

«አትሰበስቢያቸውም!» አልኩ። «አትግደያቸው!»

መጀመሪያ የተናገረችው እናቴ ናት። ደንግጣ፣ ፊቷ ቀልቶ፣

«'አይግደሏቸው' ነው የሚባለው!» አለችኝ። «ለታላቅ ሰው 'አንቺ' ይባላል እንዴ?»

«አይግደሏቸው!» አልኩ እያለቀስኩ።

«ማንን ነው የምገድለው?» አለች ሳባ።

ደብተሬን አምጥቼ እጇ ላይ አስቀመጥኩት። ገጹን ገለጥኩላት። አነበበች። ቀዩን ምልክት አየች፤ «ጎበዝ» የሚለውን አየች። ወደ እናቷ ቀና አለች።

«እማ፣ አንቺ ነሽ ያረምሽው?»

ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። ሳባ ወረቀቶቿን ጥላ ሆዷን ያዘች። እናቴ ግድግዳ ተደገፈች፤ አንድ ቀን ትሰበስበኛለች ማለቷ ትዝ ሲላት «ወይ ጉዴ!» እያለች ተቀመጠች። እትዬ አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ሳቁ። በዓመቱ ውስጥ ፊት ለፊት ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ነው። ዓይናቸው እንባ ሞላ፣ ጠረጉት፣ እንደገና ሞላ። ሌሎቹ ስቀው ሲጨርሱ እሳቸው አልጨረሱም። ያን ጊዜ ግን ሳቅ አልነበረም።

«እማ?» አለች ሳባ።

«አልፈልግም» አሉ እትዬ። «መሄድ አልፈልግም፣ ሳባ።»

እናቴ ክንዴን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ጎተተችኝና ቧንቧውን ከፈተች። ግን የወጥ ቤቱ በር አይገጥምም፤ የሚባለው ሁሉ ይሰማል። እናቴም ቶሎ ዘጋችው፣ ውኃውን።

«ለምን በስልክ አልነገርሽኝም?»

«አሥራ ስድስት ዓመት 'ውሰጂኝ፣ ውሰጂኝ' ስልሽ ኖሬ? የስዊድን መንግሥትም አንቺም ስንት ደክማችሁ እሺ ስትሉኝ፣ 'ተዉት' ልበል? አፈርኩ።»

«ክፍልሽን በገዛ እጄ ቀባሁት፣ እማ። ምን ዓይነት ቀለም ስልሽ 'ቢጫ' አልሽኝ።»

«ቢጫ እወዳለሁ።»

«ታዲያ?»

«ሌላውን ነው የማላውቀው።»

ወንበር ተሳበ። ሳባ በተሰበረ ድምፅ፣ «እዚህ ማን አለሽ?» አለች። «ስትታመሚ ማን አለሽ? እኔ እዚያ ሆኜ ስልክ ባልተነሣ ቁጥር ምን እንደምሆን ታውቂያለሽ?»

ወረቀቶቹ ከወለሉ ላይ ሲነሡ ተሰማ።

«አውቃለሁ» አሉ እትዬ። «ያ ያንቺ ዕዳ… አይደለም፣ ዕዳ አልልም። ያ ያንቺ ጭንቅ ነው፣ ላስቀርልሽም አልችልም። እዚህ ያለኝን ግን ልንገርሽ። ጎረቤቴ በሬን ሳታንኳኳ ትገባለች። ስታመም መጀመሪያ የምታየኝ እሷ ናት። ዘበኛው እኔን ብሎ አንቺን ሊያስር ነበር። ልብሴ ጣሪያ ላይ በአንድ ሰዓት ይደርቃል። ይቺም ልጅ አለች።»

«ይኼ ይበቃል?»

«ላንቺ ትንሽ ነው። እኔ ግን በመሥሪያ ቤት ተሰበሰብኩ፣ በቀበሌ ተሰበሰብኩ፣ በስደተኛ ሰልፍ ተሰበሰብኩ። አንድም ቀን 'ትመጫለሽ ወይ?' ያለኝ የለም። አንቺ ጠይቂኝ።»

እናቴ ወጥ ቤቱ ውስጥ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ትጠርጋለች።

«ትመጫለሽ ወይ፣ እማ?» አለች ሳባ።

«አልመጣም፣ ልጄ። በክረምቱ ግን ልጠይቅሽ እመጣለሁ። ያንቺን በጋ ማለቴ ነው።»

ሳባ ወዲያው እሺ አላለችም። እሑድ ሙሉ ቀን ማንንም አላናገረችም። ሰኞ ከእናቷ ጋር ተጣላች፣ ማክሰኞ ታረቀች፣ ረቡዕ እንደገና ተጣላች። ዓርብ ዕለት የሚሄደው አውሮፕላን እሷንም እትዬንም ሳይዝ ሄደ። ቲኬቷን ለውጣ አንድ ሳምንት ጨመረች። የመታጠቢያ ቤቱን የሚንጠባጠብ ቧንቧ አሠራች፣ ማማ ብራያንን ቁጥሯን ጠይቃ ስልኳ ላይ መዘገበች። ምዜ ካማው መላጫውን በጋዜጣ ጠቅልሎ መለሰላት፤ ይቅርታ ግን አልጠየቃትም። ለእኔ ጠጋ ብሎ፣ «አሁንም ቢሆን መሬት ነው የምለው» አለኝ።

እኔን ሳባ ሁለት ቀን ስታየኝ ዝም ብላኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጣሪያ ላይ ተከትላኝ መጣች። አብረን አንሶላ ስናወርድ አንዱን ጫፍ እሷ፣ አንዱን እኔ ይዘን፣ ለማጠፍ ስንቀራረብ ጎንበስ ብላ፣

«'ይፈራሉ?' ብለሽ የጠየቅሻት አንቺ ብቻ ነሽ፤ ነግራኛለች» አለችኝ። «እኔ ልጇ ሆኜ አልጠየቅኳትም።» ከዚያ አንሶላውን ከእጄ ወሰደችው።

የሄደችው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። እትዬ በር ድረስ ወረዱ። ሁለቱም አላለቀሱም፤ ሳባ የእናቷን አንገት አሽትታ ረጅም ጊዜ ቆየች። ታክሲው ተነሣ፣ ጥጉ ላይ ጠመዘዘ፣ ወደ ሞምባሳ መንገድ ገባ። እትዬ አልተንቀሳቀሱም። አሁን ያለቅሳሉ ብዬ እጃቸውን ያዝኩ።

በመንገዱ ማዶ ማንጎ ሻጩ ጋሪውን አቁሞ ነበር። ማንጎውን ልጦ እንደ አበባ ይሰነጣጥቀዋል፣ ጨውና ቀይ ሚጥሚጣ ነስንሶ በላስቲክ ይሰጣል። የትምህርት ቤት ልጆች ሲበሉት እያየሁ እኔም ለዓመት ያህል ጓጉቼ ነበር። እትዬ እጄን እንደያዙ ተሻገሩ።

«ሁለት» አሉት በጣታቸው።

መንገድ ላይ ቆመን በላን። በጥቁር የቤተ ክርስቲያን ቀሚሳቸው፣ ሰው እያለፈ፣ ማታቱ እየጮኸ፣ የማንጎው ውኃ በክንዳቸው ወርዶ እጅጌያቸው ውስጥ ገባ። ሳሉ። ዓይናቸው ቀላ፣ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ፤ ከሚጥሚጣው ይሁን ከሌላ እኔ ማወቅ አልቻልኩም። ሻጩ ደንግጦ ውኃ ያለበትን ጠርሙስ ዘረጋላቸው። እትዬ በእጃቸው ጀርባ ዓይናቸውን ጠረጉ፣ ጠርሙሱን ገፉት፣ ላስቲካቸውን ወደ ሚጥሚጣው ጣሳ ዘረጉና፣ ጨምርበት ለማለት ከሚያውቋት ጥቂት ስዋሂሊ አንዷን መዝዘው፣

«ኦንጌዛ» አሉት።